ጥያቄና መልስ፦ የክላውድ ዳታቤዛችሁ ቢወድቅ በምን ትነሳላችሁ?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ዳታቤዝ ማስተዳደር ነው፣ ዲቢኤ የሚሉት። ቃል በገባሁት መሠረት ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ርዕሱን ታውቁታላችሁ፤ ክላውድ ላይ ያለ ዳታቤዝ እንዳይቋረጥ፣ ከተቋረጠም እንዲነሳ ምን ይዘጋጃል የሚለው ነው። ከዳታቤዝ ዓይነቶች የማውቀው ፖስትግሬስ ነው፣ ማይኤስኪውኤልም በመጠኑ፤ አብዛኛው ሥራዬ አማዞን ዳታቤዝ በሚያከራይበት አርዲኤስ ላይ ነው። ሞንጎ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠይቁ፣ እባካችሁ እኔን ተዉኝ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ዳታው ስንት ጊጋ ነው፣ የስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ ትችላላችሁ፣ ስንት ሰዓት ተዘግታችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ይህን ያልጻፈ ሰው መልሴ ቢያጥርበት አይቀየመኝ። ሳልጠየቅም አንድ ነገር ልበል፦ ሬፕሊካ (ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጥ ቅጂ) ባክአፕ (ለክፉ ቀን ለብቻው የሚቀመጥ ቅጂ) አይደለም።

ማታ ተረኛ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። አርዲኤስ ፖስትግሬስ፣ 220 ጊጋ። መልቲ ኤዚ በርቷል። አለቃዬ «ሁለት ቦታ ካለ ባክአፑን አጥፋው፣ ወጪ ነው» አለኝ። ምን ልበላቸው?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ሬፕሊካ ባክአፕ አይደለም በላቸው። መልቲ ኤዚ ማለት በሌላ ዞን (ለብቻው በቆመ ዳታ ሴንተር) የተቀመጠ ተጠባባቂ ነው፤ ዋናው የጻፈውን እኩል ይጽፋል። ማሽን ቢሞት፣ ዲስክ ቢበላሽ፣ አንድ ዞን መብራት ቢያጣ ያድንሃል። አንድ ልጅ ዌር የሌለው ዴሊት፣ ማለት የትኛውን ረድፍ እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም አጥፋ የሚል ትእዛዝ፣ ቢሰድስ? ተጠባባቂውም በታማኝነት ያጠፋል። ሁለት ባዶ ቴብል ይኖርሃል ማለት ነው።

ወጪውንም ንገራቸው፦ አርዲኤስ ላይ ባክአፑ በሪጅኑ (ዳታ ሴንተሮቹ ባሉበት አካባቢ) ካሉት ዳታቤዞችህ ጠቅላላ ስፋት እስካልበለጠ ድረስ ለማስቀመጫው አይከፈልም። የማቆያውን ቀን ዜሮ ካደረግከው ደግሞ እስከ ዛሬ የተያዙት አውቶማቲክ ባክአፖች አብረው ይጠፋሉ። ይህን ሳያውቁ ዜሮ የጻፉ ሰዎች አሉ።

የኮድ ማስቀመጫው ጊትላብ ላይ የደረሰውን አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017። ሌሊት የደከመው ኢንጂነር ሬፕሊካው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ፖስትግሬስ ዳይሬክተሪ መሰረዝ ጀመረ። ሲነቃ ከ300 ጊጋ የቀረው 4.5 ጊጋ ገደማ ነበር። ወደ ባክአፑ ቢሄዱ የሚቀመጥበት ማከማቻ ባዶ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6፣ ባክአፕ የሚያወጣው ፒጂ ደምፕ የተባለው መሣሪያ ግን የስሪት 9.2 ስለነበር በየቀኑ ይወድቅ ነበር፤ መውደቁን የሚናገረውን ኢሜይል ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሰው ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ በእጁ ያነሳው ስናፕሾት (የዚያ ቅጽበት ዳታ ሙሉ ቅጂ) ነው። የስድስት ሰዓት ዳታ ጠፋ። ሬፕሊካ ነበራቸው፣ ባክአፕ ተብሎ የተመዘገበም ነበራቸው። ባክአፑን በየጊዜው ሪስቶር አድርጎ (ዳታውን መልሶ አንስቶ) የሚያይ ግን አልነበረም።

ኩኩ_12፦ የትኛው ክላውድ ይሻላል?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ቡድንህ የሚያውቀው።

እህተ ሊኑክስ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ወር ፌይልኦቨር (ዋናው ወድቆ ተጠባባቂው መተካቱ) ገጠመን። ኢቨንቱ ላይ በ80 ሰከንድ አለቀ ይላል፤ አፑ ግን 25 ደቂቃ ሞቶ ቆየ። ጃቫ ነው። 90 ጊጋ። ዳታ መጥፋት አይፈቀድም፣ 5 ደቂቃ መዘጋት እንችላለን።

አሮጌው ዲቢኤ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። መልቲ ኤዚ በአብዛኛው ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ውስጥ ይዞራል፤ ስለዚህ ዳታቤዙ ሥራውን ሠርቷል። የቆየው የእናንተው አፕ ነው። ፌይልኦቨር ሲሆን የዳታቤዙ ስም ወደ አዲሱ ማሽን እንዲያመለክት ዲኤንኤሱ፣ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው፣ ይቀየራል። ጃቫው የድሮውን አይፒ ይዞ ከተቀመጠ ማንም ያልከፈተለትን በር ሲያንኳኳ ይውላል። ሁለተኛው ኮኔክሽን ፑሉ፣ አፑ ከፍቶ የሚያቆያቸው ግንኙነቶች ስብስብ፣ ነው፦ አሮጌዎቹ ኮኔክሽኖች ሞተዋል፣ ግን መሞታቸውን የነገራቸው የለም። ሊኑክስ መልስ ያጣበትን ፓኬት እየደጋገመ በነባሪው ሴቲንግ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ ሥራ ፈት ኮኔክሽን ላይ ኪፕ አላይቭ፣ «አለህ ወይ?» የሚለው ፍተሻ፣ የሚጀምረው ደግሞ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱንም ወደ ሰከንዶች አውርዷቸው፣ የጃቫውን የዲኤንኤስ ቲቲኤል (አድራሻውን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) አሳጥሩ፣ ፑሉ ላይ የኮኔክሽን ዕድሜ ወስኑ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ቢሮ እያለ፣ «ሪቡት ዊዝ ፌይልኦቨር» የሚለውን ተጫኑና ሰዓት ያዙ። ማታ አታድርጉት። ማታ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሀበሻ ዴቭ፦ ጋሼ ስለ ዲአር (ከአደጋ በኋላ ስለ መነሳት) ሁሉንም ነገር ቢያስረዱን?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ሁሉንም ነገር እዚህ አልጨርሰውም ወንድሜ። ስንት ጊጋ?

ሀበሻ ዴቭ፦ ገና አልጀመርንም 😅

ሚጢጢ ስታርታፕ፦ አዲስ አበባ ነን፣ 40 ጊጋ፣ አንድ ሰዓት ዳታ ቢጠፋ አንሞትም፣ ግማሽ ቀን መዘጋት እንችላለን። ለሁለተኛ ሪጅን ኬፕታውን፣ ባህሬን ወይስ ኤምሬትስ?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ለእናንተ ሁለተኛ ሪጅን ላይ የሚሠራ ሬፕሊካ ቅንጦት ነው። በየሰዓቱ ስናፕሾት ወደ ሌላ ሪጅን፣ በተለይም ወደ ሌላ አካውንት ኮፒ አድርጉ፣ በቃ። ግማሽ ቀን ካላችሁ 40 ጊጋ ተነስቶ ቡና ይጠጣበታል። የቱ ሪጅን ለሚለው፣ ካርታ ላይ ቅርብ ማለት በኬብል ቅርብ ማለት አይደለም። የእኛ መስመር የሚወጣው በጎረቤት አገር በኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚዞር ከራሳችሁ ቢሮ ለክታችሁ እዩ። አማዞን ባህሬን ከ2019፣ ኬፕታውን ከ2020፣ ኤምሬትስ ከ2022 ጀምሮ አሉ። ሦስቱም በነባሪ ዝግ ስለሆኑ አካውንታችሁ ላይ በእጅ ይከፈታሉ። ዛሬ ክፈቱ፣ ኮታውንም (ስንት ማሽን ማንሳት እንደሚፈቀድላችሁ) ዛሬ ጠይቁ። በአደጋው ቀን የኮታ ጥያቄ ሞልቶ መልስ መጠበቅ ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ።

የካዛንቺሱ፦ ለምን ውጭ ይወጣል? አገር ውስጥ ዳታ ሴንተር ሞልቷል። ኢንተርኔት የተዘጋ ቀን ኬፕታውን ያለው ዳታ ምን ይጠቅማል?

ዲሲ_ነኝ፦ ኢንተርኔት የተዘጋ ቀንማ ደንበኛህስ በምን ይገባል?

የካዛንቺሱ፦ ቅርንጫፎች በውስጥ መስመር ይሠራሉ! አንተ ዲሲ ተቀምጠህ አይገባህም።

ዲሲ_ነኝ፦ እኔ እዚያው መስመር ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ተወኝ እስቲ። ጀነሬተሩን ማን ይሞክራል?

የካዛንቺሱ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ን አንብበሃል?

ዲሲ_ነኝ፦ አንተስ ሙሉውን አንብበኸዋል?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ኧረ ቀስ። የአዋጁን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ፣ እኔ አልመልስም፤ የግል መረጃ ወደ ውጭ ስለማስተላለፍ ድንጋጌ ስላለው ግን ሪጅን ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ለሁለታችሁም ስትራስቡርግን ላስታውሳችሁ። ማርች 10 ቀን 2021 የክላውድ አቅራቢው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጠለ፤ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች አብሮ ነደደባቸው። ፈረንሳይ ነው፣ መብራት አለ፣ ኬብል አለ። እሳት ግን አገር አይመርጥም። አገር ውስጥም አስቀምጡ፣ ውጭም አስቀምጡ፣ ብቻ ሁለቱ በአንድ ግቢ አይሁኑ።

ገብሬ_ኮድ፦ ጋሼ እኔ ሪድ ሬፕሊካ (ለማንበብ ብቻ የሚውል ቅጂ) ስላለኝ ባክአፕ ያስፈልገኛል?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ከላይ አንብብ።

ወለላ፦ እኛ ሌላ ሪጅን ላይ ሬፕሊካ አለን፤ ዋናው ሲወድቅ አውቶማቲክ እንዲዞር ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። 600 ጊጋ፣ የአንድ ደቂቃ ዳታ፣ 15 ደቂቃ መዘጋት።

አሮጌው ዲቢኤ፦ ስክሪፕቱን ጻፊው፣ ቁልፉን ግን ለሰው ስጪው። በሪጅኖች መካከል ያለው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ዋናው «ተጽፏል» ካለ በኋላ ነው ወዲያ የሚሄደው። ሌላውን የኮድ ማስቀመጫ ጊትሃብን ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የገጠመው ይህ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ኔትወርኩ ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። 43 ሰከንድ! አውቶማቲኩ ማይኤስኪውኤሉን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዞረው። ምሥራቅ ላይ ገና ያልተሻገሩ ጽሑፎች ቀርተዋል፣ ምዕራብ ላይ ደግሞ አዲስ መጻፍ ተጀምሯል። ከዚያ ወዲያ መመለስም፣ መቀጠልም ከባድ ሆነ። ሁለቱን ለማስታረቅ አገልግሎቱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጎሳቆለ። ዝም ብሎ ቢጠበቅ ኖሮ ኔትወርኩ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ነበር። በዞን መካከል አውቶማቲክ፣ በሪጅን መካከል ሰው። ማን እንደሚወስን ዛሬ በስም ጻፉ፤ እሱ ከሌለ ማን እንደሚተካውም። 15 ደቂቃሽ ውስጥ 5ቱ ለመወሰን ነው።

ማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ ወደ ኋላ በሰዓት የሚመለሰውን ሪስቶርስ? ሰዓቱን እንዴት ነው የምንሰጠው?

አሮጌው ዲቢኤ፦ አሁን ቁስሌን ነካህ። ቡናውን ልቅዳና ልንገርህ።

የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ከ14 ላይ አንድ አፕዴት (ዳታ መለወጫ ትእዛዝ) ያለ ዌር ተሰደደ፤ የደንበኛ ሁሉ ሂሳብ አንድ ዓይነት ሆነ። የታወቀው ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት ነው። ተረኛው ልጅ ጎበዝ ነው፣ «ወደ 8 ሰዓት ከ10 ይመለስ» ብሎ የሪስቶር ትእዛዙ ላይ 08:10 ጻፈ። ትእዛዙ የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ነው። 08:10 ዩቲሲ ማለት በእኛ ረቡዕ ቀን 5 ሰዓት ከ10፤ ጥፋቱ ከደረሰ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ! 700 ጊጋ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ ተነሳ፣ ያው የተበላሸ ዳታ። ያኔ አንዱ «የእኛን ወደ ፈረንጅ መቀየር ነው» አለና 02:10 አስገባ። እሱም ግማሽ መንገድ ነው፤ የፈረንጁ 2 ሰዓት የአዲስ አበባ ነው እንጂ ዩቲሲ አይደለም፣ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል። ሌላ ሁለት ሰዓት፣ ሌላ የተበላሸ ዳታ። ትክክለኛው 23:10 ነበር፣ ያውም ማክሰኞ። ቀኑ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኛ «ለረቡዕ አጥቢያ» ስንል ልባችን ረቡዕ ላይ ነው፣ ማሽኑ ግን ገና ማክሰኞ ነው።

ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው የአደጋ መመሪያ ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ የሀበሻ ሰዓት፣ የአዲስ አበባ በፈረንጅ፣ ዩቲሲ ከነቀኑ። ጥፋቱን የሚናገር ሰው ሦስቱንም ሳይሞላ ማንም ሪስቶር አይጫንም። የሚቻላችሁ ከሆነ ሰዓቱን ከሰው አፍ አትቀበሉ፣ ከዳታቤዙ ሎግ ላይ ያንን አፕዴት ፈልጉት። ፖስትግሬሱን ራሳችሁ የምታስተዳድሩ ደግሞ በሰዓት ፈንታ በትራንዛክሽን ቁጥር ማቆም ትችላላችሁ።

ሌላም አለ። አርዲኤስ ወደ ኋላ ሲመለስ አሮጌውን አይነካም፣ አዲስ ዳታቤዝ በአዲስ አድራሻ ያነሳል። ፓራሜትር ግሩፑንና (የዳታቤዙን ሴቲንጎች) ሴኩሪቲ ግሩፑን (ማን ይግባ የሚለውን) ካልነገራችሁት ነባሪውን ይይዛል፤ «ተነስቷል ግን አፑ አይገባም» ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ትፈልጋላችሁ። ተነሳ ካለም በኋላ ብሎኮቹ ሲነበቡ ነው ከማከማቻው የሚመጡት፤ የመጀመሪያዎቹ ኩዌሪዎች ይንፏቀቃሉ። «አቬይለብል» የሚል አረንጓዴ ስላያችሁ ብቻ ለአለቃ እንዳትደውሉ።

እህተ ሊኑክስ፦ የእኛም ቤት ደርሷል ይሄ ነገር 😂 ግን የፈረንጁን ሰዓት ብቻ ብንጠቀም አይቀልም?

የካዛንቺሱ፦ የራሳችንን ሰዓት ለምን እንተዋለን? ሶፍትዌሩ ይልመድ።

ወለላ፦ ጀመረው ደግሞ።

አሮጌው ዲቢኤ፦ ሌሊት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው የሚናገረው እናቱ ባስተማረችው ሰዓት ነው። ሦስት ዓምድ።

ኩኩ_12፦ ሞንጎ ላይስ?

አሮጌው ዲቢኤ፦ መግቢያው ላይ።

ሚጢጢ ስታርታፕ፦ ጋሼ፣ አካውንቱ ራሱ ቢጠፋ ወይም ቢጠለፍስ? ሁለት ክላውድ ላይ እናሂደው?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ሁለት ክላውድ ላይ እኩል ማሄድ ሁለት እጥፍ ማስተዳደር ነው፤ 40 ጊጋ ላላችሁ ልጆች አልመክርም። ቅጂ ከአካውንት ውጭ ማኖር ግን ግድ ነው። የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በሜይ 2024 ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው የግል ክላውዱ በጉግል በኩል በባዶ በተተወ አንድ ሴቲንግ ምክንያት ተሰረዘ። በሁለት ቦታ ነበራቸው፣ ከሁለቱም ሄደ። ሌላ አቅራቢ ጋ ያኖሩት ባክአፕ ማንሳቱን ረዳቸው። እናንተ በሳምንት አንድ ፒጂ ደምፕ ሌላ አቅራቢ ጋ አስቀምጡ፣ ለ40 ጊጋ የምሳ ዋጋ ነው። ወደ ሌላ አካውንት ስናፕሾት ስታጋሩ ደግሞ ቁልፉን ተመልከቱ፦ በአማዞን ነባሪ ቁልፍ የተመሰጠረ ስናፕሾት ለሌላ አካውንት አይጋራም። የራሳችሁን ቁልፍ ፍጠሩ።

ገብሬ_ኮድ፦ ጋሼ የእኔ ሬፕሊካ ግን ሌላ ሪጅን ላይ ነው። ያኔስ ባክአፕ ይሆናል?

አሮጌው ዲቢኤ፦ ገብሬ።

ገብሬ_ኮድ፦ እሺ ገባኝ።

ማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ እኔ የትናንቱን ስናፕሾት ዲአር አካውንቱ ላይ ለማንሳት ሞከርኩ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስክሪፕቱ ኮፒ ያደርጋል ይላል፣ ሎጉ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ በየቀኑ «አይፈቀድም» ይላል። ቁልፉ ነባሪው ነው።

አሮጌው ዲቢኤ፦ ከመጋቢት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ተርፈሃል፣ ጅቡ ገና አልመጣም። አዲስ ቁልፍ ፍጠር፣ ስናፕሾቱን በአዲሱ ቁልፍ እዚያው ኮፒ አድርግ፣ ቁልፉን ለዲአር አካውንቱ ፍቀድ፣ ከዚያ አጋራ። 220 ጊጋ ስለሆነ ሌሊቱን ይጨርሳል። ነገ 3 ሰዓት ላይ አብረን ሪስቶር እናደርገዋለን።

ማታ ተረኛ፦ 3 ሰዓት በየትኛው ጋሼ?

አሮጌው ዲቢኤ፦ በሀበሻ፣ ጠዋት። 09:00 አዲስ አበባ፣ 06:00 ዩቲሲ።