ለሁለት ስለተሰበረችው ነዳጅ ጫኝ፦ የፔንድልተን ጥያቄዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጥድፊያ ስለተሠሩት ቲ-2 የሚባሉ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን ዛሬ አንድ ላይ እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፔንድልተን ምን ዓይነት መርከብ ነበረች?

መልስ፦ በ1944 በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ በካይዘር መርከብ መሥሪያ ተሠራች። ርዝመቷ 160 ሜትር ገደማ፣ የመጫን አቅሟ ከ16,000 ቶን በላይ ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1952 ንጋት ላይ ከባተን ሩዥ ወደ ቦስተን ነዳጅ ጭና ስትጓዝ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ኬፕ ኮድ አጠገብ በማዕበል ለሁለት ተሰበረች። በዚያው ቀን፣ በዚያው አካባቢ፣ ሌላዋ ቲ-2 ፎርት መርሰርም ተሰብራለች።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ጥፋቱ ሁሉ የብየዳው ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የለም፤ በበያጆቹ ላይ ብቻ መጣሉ ግፍ ነው። ከዚያው መሥሪያ የወጣችው ሌላ ቲ-2 መርከብ፣ ስኬነክታዲ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 ማታ፣ በተረጋጋ ውሃ ላይ ታስራ ሳለች መሃሏ ላይ ተሰነጠቀች፤ የታችኛው ላሜራ ብቻ ያዛት። ስንጥቁ የጀመረው ከተበላሸ ብየዳ ነበር። መጥፎ ብየዳ ግን ስንጥቁን ያስጀምራል እንጂ አያስሮጠውም፤ የሚያስሮጠው ላሜራው ነው። የዚያን ጊዜው ብረት ድኝና ፎስፈረስ የበዛበት፣ ማንጋኒዙ ከካርቦኑ አንጻር ያነሰ ስለነበር፣ ሲበርደው መለጠጡን ትቶ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህንን በካምብሪጅ ኮንስታንስ ቲፐር የተባሉ ተመራማሪ በግልጽ አሳይተዋል። በሪቬት (ላሜራዎችን በሚያያይዝ የብረት ችንካር) የተገጣጠመ መርከብ ላይ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የላሜራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በብየዳ አንድ ወጥ ሲሆን ግን የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ በኋላ ላሜራውን በርዝመቱ ቀደው፣ በክፍተቱ ላይ የብረት ቀበቶ በሪቬት ይመቱ ጀመር። በእርስዎም ሥራ፣ የተሰነጠቀ ብረት ከመበየድዎ በፊት የስንጥቁን ጫፍ ፈልገው በመሰርሰሪያ ይብሱት። ሲቆርጡም ማዕዘኑን ያክቡት፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ የኋለኛው ግማሽ ለምን አልሰጠመም? ለምንስ የድረሱልን ጥሪ አላሰሙም?

መልስ፦ የጭነቱ ክፍል በብረት ግድግዳዎች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ አንዱ ሲቀደድ ሌላው አየር ወይም ነዳጅ ይዞ ይንሳፈፋል። ሞተሩና ጄኔሬተሩ ከኋላ ስለነበሩ በኋለኛው ግማሽ የቀሩት 33 ሰዎች መብራት ነበራቸው። የሬዲዮ ማስተላለፊያው ግን ከካፒቴኑና ከ7 መርከበኞች ጋር በፊተኛው ግማሽ ቀረ። በትንሽ ሬዲዮ ስለ ፎርት መርሰር ፍለጋ ዜና ይሰሙ ነበር፤ ስለነሱ የሚናገር ግን አልነበረም። በኋላ የኬፕ ኮድዋ ቻተም ከተማ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጣቢያ ራዳር አገኛቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያን ሁሉ ሰው እንዴት ቻለች?

መልስ፦ ሰዎቹን ያዳነችው ሲጂ 36500 የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ የ11 ሜትር ሕይወት አድን ጀልባ ነች። መሪዋ በርናርድ ዌበርና 3 ጓዶቹ ከቻተም ፊት ለፊት ያለውን የአሸዋ ደለል ሲሻገሩ ማዕበሉ ኮምፓሱን ወሰደባቸው። ጀልባዋ በጣም ስትንጋደድ ሞተሩ ነዳጅ እየተቋረጠበት ይጠፋል፤ አንዱ ወደ ሞተሩ ክፍል እየተሳበ ገብቶ መልሶ ያስነሳዋል። መርከበኞቹ በገመድ መሰላል ወረዱ፤ 32ቱ ተረፉ፣ አንዱ ሞተ። በፊተኛው ግማሽ የነበሩት 8ቱም አልተረፉም።

ጥያቄ፦ ስብርባሪዋ ዛሬ ይታያል?

መልስ፦ የኋለኛው ግማሽ ከቻተም ደቡብ ባለችው ሞኖሞይ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ይታይ ነበር፤ በ1978 በፈንጂ ተሰባበረ። ጀልባዋ ግን ታድሳ በኬፕ ኮድዋ ኦርሊንስ ከተማ፣ ሮክ ሃርበር ወደብ ትገኛለች።