የድሮ አምፕ ስንት ኦም ይችላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ መኪና ሙዚቃ ከጻፍኩ ወዲህ መልእክት ጎርፎብኛል። ጥያቄዎቹን ባጭር ባጭሩ እየጠቀስኩ እመልሳለሁ።

አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከሾፌሩ ወንበር ሥር ባደርገው ችግር አለው?

የለውም፣ አየር እስካገኘና ምንጣፍ እስካልሸፈነው ድረስ።

«ሳብዉፈሩን (የቤዝ ስፒከሩን) ባለ4 ኦም ነው ብሎ ሸጠልኝ፣ ቴስተሬ ግን 3.4 ያሳያል። ተሸወድኩ?»

አልተሸወድሽም እህቴ። ቴስተር በኦም የሚለካው የኮይሉን፣ ማለትም ውስጡ የተጠመጠመውን ሽቦ፣ የራሱን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ብቻ ነው። ባለ4 ኦም ሳብዉፈር በቴስተር ከ3.2 እስከ 3.7 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። 1 ወይም ከዚያ በታች ካሳየሽ ኮይሉ ተቃጥሏል፣ መልሺለት። ምንም ካላሳየ ደግሞ ተበጥሷል።

በዚያው የጠየቅሽኝን ልጨምር። ሳብሽ (ሳብዉፈርሽ) ሁለት ኮይል ካለውና እያንዳንዱ 4 ኦም ከሆነ፣ ከእሱ የምታገኚው 2 ወይም 8 ኦም ብቻ ነው። ከአንድ እንዲህ ካለ ሳብ 4 ኦም አወጣልሻለሁ የሚልሽ ሰው አንዱን ኮይል ሳይገጥም ሊተወው ነው ማለት ነው። አትፍቀጂለት።

«ሃያ ደቂቃ ይመታና ይጠፋል»

የባሕር ዳር ሽምብጡ ወጣት ዲኤክስ መኪና አለው። ባለሁለት ቻናል የድሮ የአሜሪካ አምፕ ከሰው ገዝቶ ሁለት ባለ4 ኦም ሳቦች ገጠመበት። ጓደኛው «ኃይሉ እንዲወጣ» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ብሪጅ አደረገለት፣ ማለትም የአምፑን ሁለት ቻናሎች (መውጫዎች) እንደ አንድ አሠራቸው። ሃያ ደቂቃ ይመታል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። «አርጅቶ ነው?» ይላል።

ከአቅሙ በላይ ጭናችሁበት ነው። የሚጠፋውም ራሱን ለማዳን ነው።

ጓደኛህ ያሰረው ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር ነው። ሁለት ባለ4 ኦም እንዲህ ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለው ነው። ብሪጅ ስታደርግ ሁለቱ ቻናሎች አንዱን ጭነት ከሁለት ጫፍ ይይዙታል፣ እያንዳንዱም የሚያየው የኦሙን ግማሽ ነው። ስለዚህ 2 ኦም በብሪጅ ማለት ለእያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም ነው። በላክልኝ ፎቶ ላይ ደግሞ ከአምፑ ጎን «ብሪጅ፣ ከ4 ኦም በታች አይሆንም» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ይነበባል። ጓደኛህ ያንን ቢያነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በቁጥር እንየው። 4 ኦም ላይ 200 ዋት የሚሰጥ አምፕ 28 ቮልት ያህል አውጥቶ 7 አምፒር ይገፋል። ያንኑ 28 ቮልት 2 ኦም ላይ ስታደርገው 14 አምፒር ይጠየቃል። ትራንዚስተሮቹ ለዚህ አልተሠሩም። የዚያ ዘመን አምፖች አብዛኞቹ ክላስ ኤቢ በሚባለው አሠራር የተሠሩ ናቸው። ጮክ ብለው ሲሠሩ እንኳ ከባትሪ ከሚወስዱት ብዙው፣ አንዳንዴም ግማሹ፣ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ከአምፑ አሉሚኒየም ላይ ሙቀት የሚያነሳው ቆላ ካለው አየር ባነሰ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ያጋለው የኋላ ኮፈን ሲጨመርበት አስበው።

«የድሮ አምፕ ግማሽ ኦምም ይችላል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ድምፅ ውድድር ተወዳዳሪ የሚመደበው አምፑ ላይ በተጻፈው ዋት ነበር። አምራቾች ይህን አይተው 4 ኦም ላይ ትንሽ ዋት የሚጻፍባቸው፣ ኦሙ ሲወርድ ግን ብዙ እጥፍ የሚሰጡ አምፖች ሠሩ። ኦሪዮን ኤችሲሲኤ 225 ላይ የተጻፈው በቻናል 25 ዋት ነው፣ ግን በቻናል እስከ ግማሽ ኦም ይወርዳል። የጥቂቶቹ ዝና ነው ለድሮ አምፕ ሁሉ የተረፈው። ያንተ ከእነሱ ወገን አይደለም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ብሪጁን ፍታና አንዱን ሳብ በአንዱ ቻናል፣ ሌላውን በሌላው ግጠም። ወይም የአንዱን ሳብ ጥቁር ከሌላው ቀይ ጋር አገናኝተህ 8 ኦም አድርግና በብሪጅ ተወው። በሁለቱም መንገድ እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም ያያል። ስትጨርስ ወደ አምፑ የሚገቡትን ሁለት ጫፎች በቴስተር ሳትለካ እንዳትሰካ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ አምፕ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ነበር። አራቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች አናታቸው ተነፍቷል። ከሥራቸው ቡናማ ነገር ፈስሶ ቦርዱን በልቶታል። ሽታው የአሣ ነው፣ ገበያ የዋለ አሣ። ያንተ ይህ ሽታ ካለው ከባትሪ ንቀለውና ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ስጠው። ካፓሲተሮቹን ይቀይርልሃል። ራስህ አትነካካው፣ ከባትሪ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ሊይዝ ይችላል።

«ቤዙ ሲመታ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፊውዙም ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል»

እኚህ አባት ከባሕር ዳር ጎንደር ሚኒባስ ያመላልሳሉ። አንድ ልጅ ፊውዙን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» አላቸው።

ጋሼ፣ ይህን ዛሬ፣ ሰው ከመጫንዎ በፊት ያውጡት። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቅበታል። የሽቦው ላስቲክ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ የሚነደው ምንጣፉ ነው። ከኋላ ተሳፋሪ አለ።

የአምፑ ፊውዞች ሁለት ባለ30 ከሆኑ ዋናው ፊውዝ 60 አምፒር ይሁን፣ ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ሽቦው ንጹሕ መዳብ፣ ከ16 እስከ 25 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ይህን የሚሠራልዎ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ለልጁ መልሰው እንዳይሰጡት፣ እማጸንዎታለሁ። የመብራቱን መደብዘዝ ከዚያ በኋላ ዲናሞውን አስለክተው ያዩታል።

«ከጭፈራ ማግስት ጆሮዬ ይጮኻል»

85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የጥንቃቄው ጣሪያ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የተዘጋ መኪና ውስጥ 100 ማለፍ ቀላል ነው። ጩኸቱ በማግስቱ ካልጠፋ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ።

«ጀልባዬ ላይ ሳብ ልግጠም?»

ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስ ወንድማችን ነው። 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ለብቻ ሊያደርግለት አስቧል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ትጠቀማለህ። አምፑ በአማካይ 20 አምፒር ከወሰደ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬድሃል፣ ለደርሶ መልሱ ይበቃል። እዚህም ከ4 ኦም በታች አትውረድ፣ ባትሪውን ቶሎ ይጨርስብሃል።

ባትሪውንና ፊውዙን ከቤንዚን ጋኑ አርቅ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ገመዱን የጀልባ ሞተር የሚሠራ ባለሙያ ሳያየው እንዳትነሳ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ ሳትደርስም ዝጋው። ውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ የሚጸልዩ አሉ።

የድሮ አምፕ በቤንዚን ይጸዳል?

አይጸዳም። ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይበቃል።