ባቄላውን ከቬንቲሌተሩ ላይ አውርጂው

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን የመሬት ስበት ዕፅዋት ላይ ምን እንደሚያደርግ ላሳይ ብዬ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ የድሮ ቬንቲሌተር ላይ አሰርኩ። ግማሹ ተስፈንጥሮ ከግድግዳ ተላተመ። የቀረው መብራት ሲጠፋ ቆሞ አደረ። ምን ይሻለኛል?»

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቬንቲሌተሩን ከሶኬት ንቀዪው። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ባዮሎጂውን አንቺ ትበልጪኛለሽ፣ የሚዞር ነገር ግን እንጀራዬ ነው።

ቬንቲሌተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ብቻ ይዞራል እንበል። ከመሀሉ 10 ሳንቲሜትር ርቃ የታሰረች ባቄላ ከመሬት ስበት 110 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ትገፋለች። አንድ ግራም ተኩል የነበረችው 165 ግራም ሆነችብሽ ማለት ነው፤ ክሩ ምን ያድርግ? በፍጥነት ማዞር ራሱን የቻለ ሌላ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ናይት የሚባል እንግሊዛዊ ባቄላ በውሃ በሚዞር ጎማ ላይ አስሮ፣ ሥሩ ወደ ውጭ ቡቃያው ወደ መሀል ሲያድግ አሳይቷል። ያንቺ ሐሳብ ግን ተክሉን ታች የቱ እንደሆነ ማሳጣት ከሆነ፣ የሚያስፈልግሽ ቀስታ ነው፤ በደቂቃ አንድ ዙር።

በደቂቃ አንድ ዙር የሚዞር ነገር ደግሞ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሰዓቱ የሰከንድ ቆጣሪ! በአንድ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ሄደ መጣ አይመለከተውም።

ሁለት አንድ ዓይነት ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ፈልጊ። መስታወታቸውን አውጪ። ከስስ ፕላስቲክ 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች ቁረጪ፣ መሀላቸውን በትክክል ለኪና በሰከንድ ቆጣሪው እምብርት ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፊ። ጠብታ ብቻ፤ ሙጫው ወደ ዘንጉ ከወረደ ሰዓቱ አለቀለት (ስንቱን እንዲህ ሆኖ አምጥተውልኛል)። ሲዲ አትጠቀሚ፣ ይከብደዋል። ዘር ሳታስቀምጪ እርጥብ ሶፍት ብቻ አልብሰሽ አንድ ቀን ሙሉ አስኪጂው። ከቆመ ወይ ከብዷል ወይ ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። የደቂቃው ዘንግ ይጠነክራል ብለሽ ወደዚያ እንዳትሄጂ፣ በሰዓት አንድ ዙር በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ሥሩ በየአቅጣጫው ለመታጠፍ ጊዜ ያገኛል።

ባቄላውንም ተዪው። ፌጦ ያዢ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ሲርስ ደግሞ ስለሚያዝለገልግ ሶፍቱ ላይ ራሱን ይለጥፋል። በየክቡ 12 ፍሬ በእኩል ርቀት ዙሪያውን ደርድሪ፣ በስስ ፕላስቲክ ሸፍኚ፣ ሁለቱንም ሰዓት አንድ ካርቶን ውስጥ ጎን ለጎን ስቀዪና ዝጊ። ጨለማው ግድ ነው፤ ብርሃን ከገባ ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ያዘነብልና የስበቱን ከብርሃኑ መለየት አትችዪም። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ይሁን፦ አንደኛው ድንጋይ አለው፣ ሌላው የለውም።

በሁለት በሦስት ቀን የቆመው ላይ ሥሮቹ ሁሉ ወደ ታች ይሄዳሉ። የሚዞረው ላይ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይሆናል። ምክንያቱም በሥሩ ጫፍ ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ወደ ታች ሲረጉ ሥሩ አቅጣጫውን ያገኛል። ያለማቋረጥ ስታገለባብጫቸው የሚረጉበት ጎን ያጣሉ። የእያንዳንዱን ሥር ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኪ፣ ሙከራውንም ሦስት ጊዜ ድገሚ። በ12 ፍሬ ብቻ ማንም አያምንሽም።

ዳኛ ፊት ስትቆሚ «ስበትን አጠፋሁ» እንዳትዪ። ስበቱ እዚያው ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ቋሚ አቅጣጫውን ነው። «ዙሩስ ራሱ አይገፋቸውም ወይ?» ካሉሽ፣ በዚህ ፍጥነት ግፊቱ ከስበት አሥር ሺህኛ እጅ እንኳ አይሞላም በያቸው።

ጊዜ ከተረፈሽ በመጨረሻው ቀን ጠዋት የቆመውን ክብ ሩብ ዙር አዙሪና በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ አንሺው። በዚያው ቀን የሥሮቹ ጫፍ እንደገና ወደ ታች ሲታጠፍ ታያለሽ።