ለሂሉክስ ተጨማሪ መከላከያ ሲመርጡ መጀመሪያ ከሥር

ጤና ይስጥልኝ። ከሐረር ያቀረቡት ጥያቄ፣ ባቢሌንና ጉርሱምን አልፎ አልፎም ሽንሌን ለሚመላለሰው ባለ ሁለት ጋቢና ሂሉክስዎ፣ በያዙት በጀት ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (መኪና የሚጎትት የገመድ ማሽን) ያስገጥሙ ወይስ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) እና ተጨማሪ መብራት ይግዙ የሚል ነው። እኔ ድሬዳዋ ለመስክ ሥራ የሚወጡ ፒክአፖችን ስነዳና ሳስጠግን የኖርኩ ሰው ስሆን፣ መልሴ ከእነዚህ አንዱንም በቅድሚያ አይግዙ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለጎማና ለሥር መከላከያ፣ ዘወትር የሚጭኑ ከሆነም ለኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ይዋል።

ምክንያቱም በእኛ አካባቢ መኪና በአብዛኛው የሚጎዳው ከታች ነው። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ የሸፈነው ድንጋይ ከሹፌሩ ዓይን የተሰወረ ሲሆን፣ ኮፓውን (የሞተር ዘይት መያዣውን) ከቀደደ ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ነክሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የሥር ሽፋን ስስ በመሆኑ ጭቃና ጠጠር ከመከልከል አያልፍም። ስለዚህ ከራዲያተሩ ሥር ጀምሮ ኮፓውንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚሸፍን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ያስፈልጋል። ጥሩ በያጅ ካገኙ እዚሁ ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም ሥራውን ሲረከቡ ተንበርክከው ይመልከቱ። ላሜራው መታሰር ያለበት ከሻንሲው (መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አጥንት) ጋር እንጂ ከካምቢዮው ጋር አይደለም። በላሜራውና በኮፓው መካከል በቂ ክፍተት ከሌለ ምቱ በቀጥታ ወደ ኮፓው ስለሚተላለፍ መከላከያ መባሉ ለስሙ ብቻ ይሆናል። የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳና የአየር መውጫ እንዲኖረው፣ ብሎኖቹም ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለባቸው እንዲሆኑ ይጠይቁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ረጅም ደረቅ ሣር ውስጥ ከነዱ በኋላ ከላሜራው በላይ የተጠቀጠቀውን ሣር ያስወግዱ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ከነካው እሳት ሊነሣ ይችላል።

ክብደትን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ወደ 31 ኪሎ ግራም ይደርሳል ማለት ነው። አሉሚኒየም ሲሦው ያህል ስለሚመዝን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ይቀላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ አንድ ኩንታል ሊጠጋ ይችላል፤ ያም ከፊት ጎማዎች ወዲያ ሁልጊዜ ተሰቅሎ የሚኖር ጭነት ነው። የፊት ሞላው ይረግባል፣ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ ከሚፈቀድልዎ ጭነትም ያ ኩንታል ይቀነሳል። በዚያ ላይ ዊንቹና ትልልቅ መብራቶቹ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር ስለሚጋርዱ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነሥቶ በሙቀት ወደ ደንገጎ ዳገት የሚወጣ ጭነት ያለው መኪና ይህን ቶሎ ይነግርዎታል።

ፓራውልቱን ለግመል ፈርተው ከሆነ፣ ግመል ረጅም እግር ስላለው ፓራውልቱ እግሩን ሲመታ ገላው የሚያርፈው በፊት መስተዋቱ ላይ ነው፤ ከዚህ የሚያድነው በሌሊት ፍጥነት መቀነስ ነው። ያም ሆኖ ከገዙ፣ መኪናዎ ኤርባግ ካለው ለዚያው ሞዴል ከኤርባጉ ጋር ተስማምቶ የተሠራውን ይምረጡ።

ዊንች ሲገዙ አቅሙ ከመኪናው ሙሉ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ 3,000 ኪሎ ግራም ለሚጠጋ መኪና 4,500 ማለት ነው። የተጻፈው አቅም ገመዱ ከበሮው ላይ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ተጠቅልሎ ሳለ የሚገኘው ሲሆን፣ ዙሩ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ማሰሪያ ዛፍ ይፈልጋል፤ ሰፊ አሸዋማ ወንዝ መካከል ዛፍ ከየት ይመጣል? እዚያ የሚያወጣዎት አካፋ፣ ጎማ ሥር የሚነጠፍ የአሸዋ መረማመጃና የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ነው። የጎማውን አየር ወደ 18 ወይም 20 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ይውጡ፤ አስፋልት ሳይደርሱ መልሰው ይንፉት። መጎተቻ ቀበቶ ከሻንሲው ጋር በታሰረ መንጠቆ እንጂ በተሳቢ መጎተቻው ኳስ ላይ ፈጽሞ አይታሰር፤ ኳሱ ተነቅሎ ሲወረወር ሰው ይገድላል።

ጎማን በተመለከተ፣ ግራርና ፕሮሶፒስ (እሾሃማ ቁጥቋጦ) በሞላበት ቆላ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ባለ 10 ፕላይ (የጎማ ጥንካሬ ደረጃ) ጎማ ከማንኛውም ብረት ይበልጣል። ባሌስትራ የሚጨመረው ግን መኪናው ዘወትር ጭኖ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ባዶውን ሲሄድ እየዘለለ ያስቸግርዎታል። የጎን መከላከያም ከሻንሲው ጋር የታሰረ ይሁን፤ ቦዲው ላይ የተሰቀለ መረገጫ ድንጋይ ሲነካው በሩን ይዞ ይታጠፋል። ፖርቶመጋላ ጭነቱን ወደ ላይ ስለሚያወጣው ለደንገጎ ጠመዝማዛ አልወደውም፤ መብራት ሁለት መካከለኛ ይበቃል። ስኖርክል (የሞተሩን አየር ከፍ ካለ ቦታ የሚያስገባ ቱቦ) በአቧራ ለሚከታተሉ መኪኖች ይጠቅማል፤ በከተማችን የማየው አብዛኛው ግን ለጌጥ ነው፣ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰውም የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ በእሱ ተማምኖ አይገባም።

ከመግዛትዎ በፊት ነዳጁን ሞልተው፣ የዘወትር ተሳፋሪዎንና ዕቃዎን ጭነው መኪናውን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ያውጡት። የተገኘውን ፋብሪካው መኪናው ላይ በለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ሲቀንሱ የቀረው ለብረት የተፈቀደልዎ ነው። ቁጥሩን ከነመኪናው የምርት ዘመን እዚህ ቢጽፉልኝ ስለ ላሜራው ውፍረትና ስለ ባሌስትራው በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።