ጂፕሰሙ ነገ ይመታ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ለንደን ነው። ጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ የልጆች መኝታ ቤት እያደረግነው ነው። ሠራተኛው «ነገ ጂፕሰም ቦርዱን እመታለሁ» ይላል። ባለቤቴ ግን ሲንኳኳ ባዶ ባዶ ይላል ብሎ አልወደደውም። እንደ አገር ቤት በሲሚንቶ ይለሰን ባይ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ በድምፁ አይስጋ። የእንጨት ጣሪያ ላይ የሲሚንቶ ልስን አያዋጣም። ይከብዳል፤ እንጨቱ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ይሰነጠቃል። ለዚህ ቦታ ጂፕሰም ነው የሚሻለው።

እኔን ያሳሰበኝ «ነገ» የሚለው ነው። የቢልዲንግ ኮንትሮል (የግንባታ ደንብ መከበሩን የሚያየው አካል) ተቆጣጣሪው ኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም በእንጨቶቹ መካከል የሚገባውን ሙቀት ጠባቂ፣ አይቶታል? ሳያይ ከተሸፈነ ቦርዱን ሊያስነሳችሁ ይችላል።

ዛሬ ማታ ባትሪ ይዘሽ ወደ ላይ ውጪና በጣሪያው እንጨቶች መካከል እዪ። ከጣሪያው ሸክላ ሥር ያለው ያ ጥቁሩ የድሮ ሬንጅ ምንጣፍ ከሆነ፣ በእሱና በኢንሱሌሽኑ መካከል 50 ሚሊ ሜትር የአየር መተላለፊያ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከታች ጠርዝ እስከ ጣሪያው ጫፍ ሳይዘጋ መሄድ አለበት። የተኙ ልጆች ትንፋሽ፣ የሻወር እንፋሎት፣ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ምንጣፍ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው በሻጋታ የጠቆረ ቦርድ አውርጃለሁ፤ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ነበር። ስለዚህ በክፍሉ በኩል እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ ይደረግ፤ መጋጠሚያውም በቴፕ ይታሸግ።

ቁም ሳጥን ወይም ቴሌቪዥን የሚሰቀልበትን ቦታ አሁኑኑ ወስኑ። ሠራተኛው እዚያ ጋ አግድም እንጨት ይጨምር። ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው፤ በኋላ የት እንደሚበሳ ታውቂያለሽ።

ቦርዱ 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። 2.4 በ1.2 ሜትር የሆነው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ደረጃው ጠባብ ከሆነ አነስ ያለውን ግዙ። ኮርኒሱ ላይ ቪቱ ቢበዛ በየ23 ሴንቲ ሜትሩ ይግባ። መዳፍሽን አሳልፊበት፦ የቪቱ ራስ ትንሽ ገባ ማለት አለበት፣ ወረቀቱን ግን መቅደድ የለበትም። ከቀደደው ቦርዱን አይዝም፤ አጠገቡ ሌላ ይመታ።

ስንጥቅ ቶሎ የሚወጣው ተዳፋቱ ከጠፍጣፋው ኮርኒስ ጋር በሚገጥምበት መስመር ነው። እዚያ ስቱኮ ብቻውን አይበቃም፣ ሥሩ ቴፕ ይግባ። ቀለም ደግሞ አታስቸኩዪ። ቦርዱ ላይ የሚለሰነው ጠቆር ያለ ሮዝ የጂፕሰም ልስን ጥግ ጥጉን ጨምሮ ፈዘዝ እስኪል ጠብቁ፤ የመጀመሪያው ቀለም በውሃ ቀጠን ብሎ ይቀባ።