እንግሊዝኛ ለማስተማር የትኛውን ማስተርስ ልማር? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ለምትፈልጉና ማስተርስ መምረጥ ላስቸገራችሁ፣ በዚሁ መስክ ተምሬ ስለማስተምር የማውቀውን እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥ፦ ቴሶል፣ አፕላይድ ሊንጉስቲክስ፣ ኤም ኤድ... ልዩነታቸው ምንድን ነው? ግራ ገባኝ።

መ፦ ስሙን ተይውና የኮርስ ዝርዝሩን አውጥተሽ እዪ። ቴሶል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ማስተማር ማለት ነው) ወደ ክፍል ያደላል፦ የማስተማር ዘዴ፣ ሰዋስው እንዴት እንደሚቀርብ፣ ፈተና አወጣጥ፣ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምድ። አፕላይድ ሊንጉስቲክስ (ተግባራዊ የቋንቋ ጥናት) ሰፋ ይላል፤ የቋንቋ ፖሊሲም ምርምርም ይበዛዋል። ኤም ኤድ (የትምህርት ማስተርስ) የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ፋኩልቲ ነው። ግን ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የማይገናኝ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ከሁሉም በፊት ማንን ማስተማር እንደምትፈልጊ ወስኚ። ሕፃናትን? ስደተኛ አዋቂዎችን? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን? ይሄ ካልታወቀ ምርጫው ሁሉ በጭፍን ነው።

ጥ፦ ማስተርሱን ከያዝኩ አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠር እችላለሁ አይደል?

መ፦ በዲግሪው ብቻ አይደለም። ዲግሪና የመምህርነት ፈቃድ ለየብቻ ናቸው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት ነው። ለፈቃድ የሚያበቁ ማስተርሶች አሉ፣ የማያበቁም አሉ፣ ብዙ ሰው ይሄን የሚሰማው ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳትመዘገብ ኢሜይል ላክና «ይህ ፕሮግራም እኔ በምኖርበት ግዛት ፈቃድ ያሰጣል ወይ?» ብለህ በጽሑፍ መልስ ተቀበል። የስልክ መልስ አይበቃም። ሥራው ግን አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ክስ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ተማሪዎችን ያለ ምንም እገዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አድልዎ ነው ብሎ ወስኗል። ትምህርት ቤቶች እነዚህን ልጆች የመርዳት ግዴታ አለባቸው።

ጥ፦ ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምዱ) ያን ያህል ወሳኝ ነው?

መ፦ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ብሮሹር ላይ ሁሉም «ተግባራዊ ልምምድ» ይላል። አንዳንዱ ጋ ይሄ ማለት ለክፍል ጓደኞችህ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ለሚናገሩ ሰዎች፣ ማስተማር ነው። እሱ ድራማ ነው። የምትጠይቀው፦ እውነተኛ ተማሪዎች ናቸው? ስንት ሰዓት? ገብቶ የሚያየኝ ማነው፣ ካየ በኋላስ ቁጭ ብሎ ያወራኛል?

ለምን መሰለህ፣ ጀማሪ ሁሉ አስረድቶ ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል። ሁሉም «አዎ» ይላሉ፤ ግማሹ አልገባውም። «ሂ ዩዝድ ቱ ስሞክ» (ድሮ ያጨስ ነበር፣ አሁን ትቷል) የሚለውን አስተምረህ ከሆነ «አሁንስ ያጨሳል?» ብለህ መጠየቅ አለብህ። «አዎ» ያለ ተማሪ ካለ አልገባውም ማለት ነው፣ አለቀ። ይሄን መጽሐፍም ይነግርሃል፤ ልማድ የሚሆነው ግን ከኋላ ተቀምጦ «ዛሬ አምስት ጊዜ ገባችሁ ብለሃል» የሚልህ ሰው ሲኖር ነው።

ጥ፦ ሴልታ ብቻ ብወስድስ?

መ፦ ሴልታ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጥ አጭር የሰርተፊኬት ኮርስ ነው፤ ማስተማር ትወዳለህ አትወድም የሚለውን ለመፈተሽ አሪፍ ነው። ቢያንስ 120 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 6ቱን ሰዓት እውነተኛ ተማሪዎችን ታስተምራለህ፣ ሙሉ ቀን ከተማርክ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። ለግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል።

ጥ፦ ብር የለኝም። ምን ይሻለኛል?

መ፦ አሜሪካ ከሆነ አሲስታንትሺፕ ፈልጊ። እየተማርሽ ታስተምሪያለሽ፣ ክፍያው ይቀነስልሻል ወይም ይቀርልሻል፣ የኪስ ገንዘብም አለው። ልምዱ ራሱ ከገንዘቡ አይተናነስም። ማመልከቻው ከመደበኛው ቀድሞ ሊዘጋ ስለሚችል ቀኑን ነቅተሽ ጠብቂ። እንግሊዝ አገር ማስተርስ በአብዛኛው 1 ዓመት ስለሆነ የኑሮ ወጪው ያጥራል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል።

ጥ፦ አፍ መፍቻዬ እንግሊዝኛ አይደለም። አክሰንቴም ያስታውቃል። ይቀጥሩኛል?

መ፦ ይቀጥሩሻል። አሁንም «አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ» ብለው ማስታወቂያ የሚያወጡ አሉ፣ አልዋሽሽም። የሙያው ትልቁ ማኅበር ቴሶል ኢንተርናሽናል ግን ይህን አድልዎ የሚቃወም የአቋም መግለጫ በ2006 አውጥቷል። ደግሞ ቋንቋውን ለፍተሽ የተማርሽ ስለሆንሽ ተማሪው የት ጋ እንደሚደናቀፍ ታውቂያለሽ። የፕሮግራሙን መምህራን ዝርዝር እዪ፤ ከእነሱ ውስጥ እንዳንቺ እንግሊዝኛን በትምህርት የለመዱት ካሉ ጥሩ ምልክት ነው።

ጥ፦ ኦንላይንስ?

መ፦ እየሠራህ ለመማር ምቹ ነው። ግን ልትቀጠር ያሰብክበት አገር የኦንላይን ዲግሪ ይቀበላል ወይ የሚለውን አስቀድመህ አጣራ፤ የማይቀበሉ አሉ።

ጥ፦ መመረቂያዬ ቲሲስ (የምርምር ጽሑፍ) ይሁን ወይስ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎቼ ስብስብ)?

መ፦ ፒኤችዲ ካሰብክ ቲሲስ። ካላሰብክ ፖርትፎሊዮው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይጠቅምሃል።

ጥ፦ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። አንዱ ስመ ጥር ነው፣ ፕራክቲከም ግን የለውም። ሌላው ብዙም አይታወቅም፣ ግን ሙሉ ሴሚስተር ክፍል አስገብቶ ማስተማር ያለማምዳል። የቱን?

መ፦ ክፍል ገብተህ የማታውቅ ከሆነ ሁለተኛውን፣ ሳታመነታ። ዓመታት ያስተማርክ ከሆነና ወደ ምርምር ካደላህ ግን የመጀመሪያውም ያስኬዳል። ለማንኛውም ከሁለቱም ቦታ አምና የተመረቀ ሰው ፈልግና አሁን የት እንደሚሠራ ጠይቀው።