«ሰው ልኮልኝ ነው»

ልጆቼ፣ በጥብቅና ዘመኔ እንደ «ሰው ልኮልኝ ነው» ደጋግሜ የሰማሁት መልስ የለም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ቢሮዬ መጣ። ስልኩን ሰጠኝ። ልጁ የለጠፈው የሚቃጠል ቤት ፎቶ ነው። ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት እኛ ሰፈር» ይላል። ፎቶውን በጣቴ ሳብ አድርጌ አጎላሁት። ከጭሱ ኋላ የሱቅ ማስታወቂያ ይታያል፤ ጽሑፉ የእኛ አገር ፊደል አይደለም። ልጁ አጎንብሶ አየና ዝም አለ። ከዚያ «ሰው ልኮልኝ እኮ ነው» አለኝ። አልዋሸም፣ እውነትም ሰው ነው የላከለት። ግን ፎቶውን በለጠፈበት ምሽት ሰፈሩ ሱቁን ዘግቶ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ሲያይ አድሯል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ያቺን ሌሊት ግን ማን ይመልሳታል?

ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «አላወቅኩም» ያለውን ሁሉ አይለቅም። ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ውሸት ያሰራጨ ሰው፣ ውሸት መሆኑን ማወቅ ይገባው ከነበረም ይጠየቃል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። የለጠፈበት ገጽ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በውሸቱ ምክንያት ሁከት ከተነሳ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት አለ።

አብዛኞቻችሁ የማታውቁት አንቀጽ 6ን ነው። እውነቱን ለማጣራት እንደ ሁኔታው ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው፣ ቢሳሳት እንኳ ሐሰተኛ መረጃ አሰራጭቷል አይባልም። ዜና ያልሆነ የፖለቲካ አስተያየትና ትችትም እንደዚያው። ስለዚህ ስታጣሩ ማስረጃ ያዙ። ማንን ደወላችሁ? ስንት ሰዓት ላይ? ስክሪንሾት አንሱ፣ ማስታወሻ ጻፉ። ፍርድ ቤት ስትቆሙ የምትይዙት እሱን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ አዋጅ እኔንም ያሰጋኛል። «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚለው ሐረግ ተለጥጦ ትክክለኛ ሰው ሊያዝበት ይችላል። ፈርታችሁ ዝም እንድትሉ ግን በፍጹም አልፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሐሳብ ነፃነት በሐሳቡ ይዘት ምክንያት ሊገደብ አይችልም ይላል። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር ሲያወጣው ደስ ብሎኛል። ባለሥልጣን ሲያጠፋ ካያችሁ ጻፉ። የት ቆማችሁ እንዳያችሁ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትንና ከሰው የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ።

ያ ልጅ ፎቶውን አጥፍቶ ማስተካከያ ለጠፈ። ማስተካከያውን ያየው ግን ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ሰው ነው። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በየቤቱ እየዞሩ «ልጄ የለጠፈው እውነት አይደለም» ሲሉ ሰነበቱ።